ንፍፊት፣ አይጦችና የፕሮስቴት ካንሰር፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በጅማ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ የሰነበተ፣ የፕሮስቴት (ከወንድ ፊኛ ሥር ያለ ዕጢ) ካንሰር በአቅራቢያው ባሉ ሊምፍ ኖዶች (በሽታ የሚከላከሉ፣ ሲያብጡ ንፍፊት የምንላቸው ትናንሽ ፍሬዎች) ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት የሚያትት ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው የእንስሳት ምርምሮችን ምስክር አድርገው ስድስት ነገር ይላሉ። ያበጠ ንፍፊት ካንሰሩ መድረሱን ያሳያል። ሊምፍ ኖድ ካንሰርን የሚያስቀር ወንፊት ነው። በአይጥ የታየ በሰውም ይሆናል። መርፌ ካንሰሩን ስለሚበትነው ናሙና አታስወስዱ። ጥቁር አዝሙድ አይጦቹን ስላዳነ ይጠጣ። በሲቲ ስካን ትልቅ ኖድ ያልታየበት ሰው ነጻ ነው። ጽሑፉ ከባዶ የተነሣ አይደለም፤ ከተጠቀሱት ጥናቶች አብዛኞቹ በእርግጥ የተሠሩ ናቸው። ነገሩ የሚበላሸው ከጥናቱ ወደ ምክሩ ሲሻገሩ ነው።

ከንፍፊቱ እንጀምር፤ ሰውን ይበልጥ ያስደነገጠው እሱ ነውና። በጽሑፉ መሠረት ዕድሜው ከ50 ያለፈ፣ ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት የተዳሰሰ ወንድ ካንሰሩ እንደተሰራጨ ማሰብ አለበት። ይህ ከሰውነት አሠራር ጋር አይገጥምም። የፕሮስቴት ሊምፍ (ከአካል ክፍሎች ወደ ኖዶች የሚፈስ ፈሳሽ) መጀመሪያ የሚፈሰው ወደ ዳሌ ውስጥ ነው፤ ኦብቱራተር በሚባለው የዳሌ ነርቭ ዙሪያ፣ ኢሊያክ በሚባሉት ውስጠኛና ውጨኛ የዳሌ ደም ሥሮች ዳር፣ እንዲሁም ከወገብ በታች ካለው ሰፊ አጥንት ፊት ወዳሉት ኖዶች። እነዚህ ከሆድ ዕቃ ጀርባ የተደበቁ ስለሆኑ በጣት አይገኙም። የብሽሽት ኖዶች የሚቀበሉት በዋናነት ከእግር፣ ከብልት ቆዳና ከመቀመጫ አካባቢ የሚመጣውን ሊምፍ ነው። ከጅማ ወጣ ብሎ በማና፣ በቀርሳ ወይም በሰቃ በባዶ እግሩ ሲያርስ የሚውል ገበሬ ሙጀሌ፣ የተሰነጠቀ ተረከዝ ወይም የቆየ ቁስል ካለበት ብሽሽቱ ላይ ሁለት ሦስት ንፍፊት ቢገኝ የሚያስገርም አይደለም። ዝሆኔ የጀመረው ሰው ላይማ የተለመደ ነው። ንፍፊቱ አንገት ላይ ከሆነ ደግሞ በአገራችን ቀድሞ የሚጠረጠረው የሊምፍ ኖድ ቲቢ ነው፤ በ22 ወይም በ23 ጌጅ ቀጭን መርፌ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። አንድ መታወቅ ያለበት ነገር ግን አለ። ሥር የሰደደ የፕሮስቴት ካንሰር አንዳንዴ በግራ በኩል ከአንገት ሥር ካለው አጥንት በላይ ወዳሉት ኖዶች ይደርሳል። በዓለም ቤተ ሙከራዎች በሰፊው የሚሠራበት ኤልኤንካፕ የተባለው የሴል መስመር (በቤተ ሙከራ ሳያቋርጥ የሚራባ ሴል) ራሱ በ1970ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የተወሰደው እዚያ ቦታ ላይ ከነበረ ኖድ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ጠንካራ፣ የማያም፣ ከሥሩ ጋር የተጣበቀ ንፍፊት ያገኘ ሰው ሳይውል ሳያድር ይመርመር።

አሁን ወደ ስዊድኑ ጥናት። ጸሐፊው ደጋግመው የጠቀሱት እሱን ነው፤ ገልብጠው ያነበቡትም እሱኑ ነው፤ ስለዚህ ጠበቅ አድርገን እንየው።

መነሻው ደኒንግ የሚባለው የአይጠ መጎጥ ካንሰር ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ኮፐንሃገን ከሚባለው ዝርያ በሆነ አንድ አይጠ መጎጥ ፕሮስቴት ላይ በራሱ ጊዜ የበቀለ ዕብጠት ተገኘ፤ ከእሱ እየተቀዱ ጠባያቸው የተለያየ የሴል መስመሮች ወጡ። እዚህ የምንፈልጋቸው ሁለቱን ነው። ኤቲ-1 የሚባለው በተተከለበት ቦታ እየገዘፈ ይሄዳል እንጂ እምብዛም አይሰራጭም። ማትሊሉ የሚባለው ወደ ሊምፍ ኖድና ወደ ሳንባ በፍጥነት ይሄዳል። የስዊድኑ የኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሟቸው ሥራዎች እነዚህን ሴሎች በአይጠ መጎጦች ፕሮስቴት ውስጥ ተከሉና፣ ስርጭቱ ሳይጀምር በፊት በአቅራቢያው ያሉትን ኖዶች አውጥተው አነጻጸሩ።

ያገኙት ይህ ነው። ስርጭተኛው ማትሊሉ ባለባቸው እንስሳት ኖዶች ውስጥ፣ ገና ካንሰር ሳይገባባቸው፣ ሲዲ169 የሚባል ምልክት ያላቸው ማክሮፌጆች (ባዕድ ነገርን የሚውጡ የመከላከያ ሴሎች) ቁጥር ቀንሷል፤ የጂኖቹም እንቅስቃሴ የመከላከል ሥራው እየተዳከመ መሆኑን ያመለክታል። ኤቲ-1 ባለባቸው ላይ ለውጡ እንዲህ አልነበረም። እነዚህ ማክሮፌጆች የሚቀመጡት ከኖዱ ሽፋን ሥር፣ ከውጭ የሚመጣው ሊምፍ መጀመሪያ በሚያርፍበት ጠባብ ቦይ ላይ ነው። ከሞተ የካንሰር ሴል የመጣውን ቁርጥራጭ ይዘው ቲ ሴሎች የሚባሉት አጥቂ የመከላከያ ሴሎች እንዲነቁ የሚያደርጉ ናቸው። እነሱ ሲሳሱ በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ይላላል። ያው ቡድን ከፕሮስቴት ካንሰር ታካሚዎች የተወሰዱ ኖዶችንም መርምሮ፣ ሲዲ169 አነስተኛ የሆነባቸው ሰዎች ዕጣ የከፋ እንደነበር ዘግቧል።

ልብ በሉ፤ የተለካው ዕብጠት አይደለም። የተለካው የተወሰኑ ሴሎች መመናመንና የጂኖች እንቅስቃሴ ነው። ይህ በጣት አይዳሰስም፣ በአልትራሳውንድ አይታይም፤ ቀጭን ቁራጭ በፀረ እንግዳ አካል ካልተቀለመ በስተቀር የማይገኝ ነገር ነው። ጸሐፊው «ካንሰሩ ኖዱን አስቀድሞ ይለውጠዋል» የሚለውን «ካንሰሩ ኖዱን አስቀድሞ ያሳብጠዋል» ብለው ተረጎሙትና ብሽሽቱን የሚዳስሰውን ገበሬ ሁሉ አስጨነቁት። የጥናቱ ትርጉም ወደ ሌላ ነው የሚያመራው፦ ጤነኛ መስሎ የሚታይ ኖድ ውስጥም ሥራው ሊዛባ ይችላል።

እንዲህ ያለው ጥናት በምን እንደሚበላሽ ማወቅም ይጠቅማል፤ «በአይጥ ታየ» የሚል ዜና ሲመጣ ምን መጠየቅ እንዳለበት አንባቢ ይረዳልና። ሴሎቹ ከ20 እስከ 50 ማይክሮሊትር በምትሆን ፈሳሽ ውስጥ ሆነው በጣም ቀጭን በሆነ መርፌ ወደ ፕሮስቴቱ ይገባሉ። በፍጥነት ከተገፉ ወይም መርፌው ቶሎ ከተነቀለ ፈሳሹ ወደ ሆድ ዕቃ ይፈስሳል። ያን ጊዜ ኖዱ ውስጥ የሚገኘው ካንሰር ከፕሮስቴት በሊምፍ ቦይ የመጣ ይሁን በሆድ ዕቃ የተዘራ መለየት አይቻልም። ሁለተኛ፣ ወደ ፕሮስቴቱ ለመድረስ ሆድ መክፈት ራሱ ቁስል ነው፤ ቁስል ደግሞ በአቅራቢያው ያለውን ኖድ ይቀሰቅሳል። ስለዚህ ማነጻጸሪያ የሚሆነው ያልተነካ እንስሳ ሳይሆን ሆዱ ተከፍቶ ባዶ ፈሳሽ ብቻ የተወጋ እንስሳ ነው። ሦስተኛው ብዙዎች የማያስቡት ነው። በአንድ ጎጆ የተቀመጡ ወንድ አይጦች ይነካከሳሉ፤ ንክሻው የሚበዛው ጭራና ዳሌ ላይ ሲሆን፣ የጭራ ሊምፍ ከሚሄድባቸው መካከል የፕሮስቴቱ ሊምፍ የሚያርፍባቸው የኢሊያክ ኖዶች ይገኙበታል። የተነከሰ አይጥ ኖድ ገዝፎ ቢገኝ ተጠያቂው ጎረቤቱ እንጂ ካንሰሩ ላይሆን ይችላል።

አራተኛው የፓቶሎጂው (ከአካል የወጣን ናሙና በማይክሮስኮፕ የመመርመር) ክፍል ነው። ኖዱ ሲወጣ በስብ የተከበበ ትንሽ ፍሬ ነው፤ ስቡ ተለቅሞ ካልጠራ ኖዱ ይጠፋል፣ በጣም ከተጨመቀ ደግሞ ሽፋኑ ሥር ያለው ቦይ ይደፈጠጣል። በ10 በመቶ ፎርማሊን ረግቶ፣ በሰም ተከብቦ፣ በ4 ወይም በ5 ማይክሮሜትር ውፍረት ይቆረጣል። ከመሐሉ አንድ ቁራጭ ብቻ አይቶ «ካንሰር የለም» ማለት አይበቃም፤ ካንሰሩ የሚጀምረው ዳር ላይ ከዚያው ቦይ ስለሆነ በተለያየ ጥልቀት መቁረጥና እያንዳንዱን ለሳይቶኬራቲን (የካንሰር ሴሎቹን ከኖዱ ሴሎች ለሚለይ ፕሮቲን) መቀለም ያስፈልጋል። ይህ ካልተደረገ «ገና ካንሰር ያልገባበት» የተባለው ኖድ ውስጥ ጥቂት ሴሎች ተደብቀው ይቀሩና የጥናቱ መሠረት ይናዳል።

ወንፊት ስለሚባለው ረጅም ማለት አያስፈልግም። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1966 በርናርድ ፊሸርና ኤድዊን ፊሸር የካንሰር ሴሎች ሊምፍ ኖድን አልፈው እንደሚሄዱ በእንስሳት ላይ አሳይተው አናግተውታል። በ2018 የወጡ ሁለት የአይጥ ጥናቶች ደግሞ ኖድ ውስጥ የገቡ ሴሎች እዚያው ካሉት የደም ሥሮች ገብተው ወደ ሳንባ ሲሄዱ አሳይተዋል። ጥናቶቹ በፕሮስቴት ካንሰር ላይ የተሠሩ አይደሉም፤ መንገዱ ግን መኖሩ ታይቷል። ጸሐፊው ከወንፊቱ ተነሥተው «ኖዶቹ ቶሎ ቢወጡ ካንሰሩ ይቆማል» ማለታቸው ወንዝ አያሻግርም። የዳሌ ኖዶችን ማውጣት በሽታው የት እንደደረሰ ለማወቅ ከሁሉ የተሻለ ዘዴ ነው፤ ዕድሜ እንደሚያራዝም ግን እስካሁን በአስተማማኝ አልተረጋገጠም። ዋጋም አለው፦ በዳሌ ውስጥ የሊምፍ ፈሳሽ መጠራቀም፣ የእግር እብጠት፣ በደም ሥር ውስጥ የደም መርጋት።

«በአይጥ የታየ በሰውም ይሆናል» የሚለውን ስንመረምር፣ መጀመሪያ የትኛው አይጥ ብለን እንጠይቅ። ጸሐፊው ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ ነው የወቀጡት። የተለመደው አይጥ በራሱ ጊዜ የፕሮስቴት ካንሰር አይዘውም፤ ስለዚህ በሽታው በሰው እጅ ነው የሚሰጠው፤ የተሰጠበት መንገድ ደግሞ ስለ ኖድ ሊነግረን የሚችለውን ይወስናል።

ብዙ የመድኃኒት ሙከራ የሚሠራው የሰው ሴል በአይጥ ጎን ቆዳ ሥር ተወግቶ ነው። ዕብጠቱ ከውጭ በካሊፐር (በስፋት መለኪያ) ስለሚለካ ይመቻል። ለኖድ ጥያቄ ግን ዋጋ የለውም ማለት ይቻላል፤ ከጎን ቆዳ የሚነሣ ሊምፍ የሚሄደው ወደ ብብትና ወደ ብሽሽት ነው። ከዚያም በላይ የሰው ሴል እንዳይጣል ሲባል የሚመረጡት አይጦች የመከላከል አቅማቸው የጎደለ ነው። ቲመስ (ቲ ሴል የሚበስልበት ዕጢ) የሌለው ፀጉር አልባ አይጥ ቲ ሴል የለውም፤ ኤንኤስጂ የሚባለው ዝርያ ደግሞ ቲ ሴልም፣ ቢ ሴልም፣ ተፈጥሯዊ ገዳይ ሴልም የለውም፣ ኖዶቹም ተፈልገው እስኪታጡ ድረስ ትናንሽ ናቸው። በእንደዚህ ዓይነት እንስሳ ላይ ስለ ኖድ የመከላከል ሥራ መናገር አይቻልም። የኡሜኦዎቹ ጥናት ክብደት ያገኘው ሴሉም እንስሳውም ከአንድ ዓይነት ዝርያ ስለሆኑና የመከላከል ሥርዓቱ ሙሉ ስለነበረ ነው።

ትራምፕ የሚባለው አይጥ ከ1995 ጀምሮ የሚታወቅ ነው። የቫይረስ ጂን በፕሮስቴት ውስጥ ብቻ እንዲሠራ ተደርጎ የተወለደ ሲሆን፣ በ12 ሳምንት ገደማ የመጀመሪያው ለውጥ ይታያል፤ ከ24 እስከ 30 ሳምንት ባለው ጊዜ ወደ ሊምፍ ኖድና ሳንባ ይሰራጫል። ካንሰሩ ከዕድሜ ጋር ደረጃ በደረጃ ስለሚሄድ ጊዜን ለማጥናት ጥሩ ነው። ነገር ግን ወደ መጨረሻው የሚወጣው ዕብጠት ብዙ ጊዜ የነርቭና የሆርሞን አመንጪ ሴል ጠባይ ያለው ነው፤ አብዛኛው ወንድ የሚታመምበት ዓይነት አይደለም። የሰው ፕሮስቴት ካንሰር አጥንት ይወዳል፤ በጂን የተሠሩት አይጦች ላይ ግን የአጥንት ስርጭት ብርቅ ነው።

ውሻ ከአይጥ ይሻላል የሚል ሰው አይጠፋም። ውሻ በራሱ ጊዜ የሚታመም እንስሳ ነው፤ ወደ ኢሊያክ ኖዶችና ወደ ወገብ አጥንት መሰራጨቱም የሰውን ይመስላል። ልዩነቱ ሆርሞኑ ላይ ነው። ቻርልስ ሃጊንስ እ.ኤ.አ. በ1941 የወንድ ሆርሞን ሲቆረጥ የተሰራጨ የፕሮስቴት ካንሰር እንደሚያፈገፍግ አሳይተው በ1966 ኖቤል ተሸልመውበታል፤ ዛሬም ሕክምናው በዚያ ላይ ይቆማል። የውሻው ካንሰር ግን በተኮላሹ ውሾች ላይ እንዲያውም ይበዛል። ስለዚህ ውሻ ስለ ስርጭቱ መንገድ ያስተምራል፤ ስለ ሆርሞን ሕክምና ግን አይጠየቅም።

በአንድ ጥያቄ ላይ እንኳ ሞዴሎቹ እርስ በርስ ይጣላሉ። ቪኢጂኤፍ-ሲ የሚባለው ፕሮቲን የሊምፍ ቦዮችን ያበቅላል። በ2005 በወጣ የአይጥ ሥራ ይህ ፕሮቲን ሲታፈን በዕብጠቱ ውስጥ ያሉት ቦዮች ቀነሱ፣ የኖድ ስርጭቱ ግን አልቀነሰም። በ2008 በሌላ ሥራ ያው መንገድ ሲዘጋ ስርጭቱ ቀነሰ። ሁለቱም በሰው የፕሮስቴት ካንሰር ሴሎች የተሠሩ ናቸው። ጸሐፊው ሁለተኛውን ብቻ ጠቅሰው «ተረጋግጧል» ብለዋል።

ወደ መርፌው እንለፍ። መከራከሪያው እንዲህ ነው፦ በአይጠ መጎጦቹ ላይ ካንሰሩ በመርፌ ገብቶ ወደ ኖድ ሄዷል፤ ስለዚህ ከፕሮስቴት ናሙና የሚወስድ መርፌም ካንሰሩን ይልከዋል። ይህ የሙከራውን ዘዴ ከውጤቱ ጋር ማምታታት ነው። እዚያ መርፌው ጤነኛ እንስሳ ውስጥ ሆን ተብሎ የካንሰር ሴል አስገብቷል፤ በታካሚው ላይ ግን ካንሰሩ ካለ ቀድሞ እዚያው ነው፣ መርፌው የሚያወጣው ቁራጭ ነው። በመርፌ መንገድ ላይ ካንሰር መዘራቱ ተመዝግቦ ያውቃል፤ እጅግ ብርቅ ነው። ከ10 እስከ 12 ቁራጭ የተወሰደለት ሰው በእውነት ሊጠነቀቅለት የሚገባው ኢንፌክሽንን ነው። በፊንጢጣ በኩል ከተወሰደ አስቀድሞ ፀረ ባክቴሪያ ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለው ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ሽንትና ዘር ላይ ለጥቂት ጊዜ ደም መታየቱ ግን የሚጠበቅ ነው። ይልቅ ናሙናውን ፈርቶ መቅረት ነው ከድጡ ወደ ማጡ የሚያስገባው፦ የካንሰሩ ዓይነትና ደረጃ ሳይታወቅ ሕክምና አይጀመርም።

ጥቁር አዝሙድ። የተሠራው ነገር ይታወቃል፦ ከዘሩ የሚገኘው ቲሞኪኖን የተባለ ንጥረ ነገር የሰው ፕሮስቴት ካንሰር ሴል በቆዳቸው ሥር በተተከለባቸው ፀጉር አልባ አይጦች ላይ ዕብጠቱን አዘግይቷል። ከላይ እንዳልነው በዚህ ዓይነት አይጥ ስለ ኖድ የሚባል ነገር የለም፤ ኖድ አጠራ የሚለው የጸሐፊው ጭማሪ ነው። ቀጥለው የሰጡት ስሌት የባሰ ነው። አይጥ በኪሎ 100 ሚሊግራም ከወሰደ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 6 ግራም ይውሰድ ይላሉ። ከእንስሳ ወደ ሰው መጠን የሚሻገረው በክብደት አይደለም፤ በሰውነት ገጽ ስፋት ነው፤ የአይጥ መጠን ለ12.3፣ የአይጠ መጎጥ ለ6.2 ይካፈላል። 100 ለ12.3 ሲካፈል 8.1 ነው፤ በ60 ሲባዛ ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። እሱም ቢሆን ሰዎች ላይ ሙከራ ለመጀመር የሚያገለግል መነሻ ስሌት እንጂ የመድኃኒት ትዕዛዝ አይደለም፤ ያውም ለጠራው ንጥረ ነገር እንጂ ለተወቀጠ ዘር አይሠራም። ወጥ ላይ፣ ዳቦ ላይ የሚነሰነሰውን ጥቁር አዝሙድ ማንም አይከለክልም። የስኳር ወይም የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን በማንኪያ እየለካ ከመጠጣቱ በፊት ለሐኪሙ ይንገር።

የቀረው ሲቲ ስካኑ ነው። እዚህ ላይ ጽሑፉ ከራሱ ጋር ይጋጫል፤ ካንሰሩ ሳይደርስ ኖዱ ይለወጣል ያሉት ጸሐፊ፣ ትልቅ ኖድ ካልታየ ነጻ ናችሁ ይላሉ። ሲቲም ሆነ ኤምአርአይ ኖድን የሚጠረጥረው በመጠኑ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አጭሩ ስፋት ከ8 ወይም ከ10 ሚሊሜትር ሲያልፍ። የ2 ሚሊሜትር ክምችት ያለበት ባለ 6 ሚሊሜትር ኖድ ንጹህ ተብሎ ያልፋል፤ በኢንፌክሽን የገዘፈ ባለ 12 ሚሊሜትር ኖድ ደግሞ ሳይበድል ይከሰሳል። በ2008 የታተመ የጥናቶች ማጠቃለያ እንዳሳየው ኖዳቸው ውስጥ ካንሰር ካለባቸው 100 ሰዎች ሲቲ የሚያገኘው 42ቱን፣ ኤምአርአይ 39ኙን ነው። ፒኤስኤምኤ ፔት የተባለው አዲሱ ምርመራ የተሻለ ነው፤ በ2020 የወጣ የአውስትራሊያ ሙከራ ስርጭትን ለመለየት የነበረውን ትክክለኛነት 92 በመቶ፣ የተለመዱትን ምርመራዎች 65 በመቶ አድርጎ አስቀምጧል። እሱም ቢሆን የጥቂት ሴሎችን ክምችት ያልፋል።

ስለዚህ ኖዶቹ በቀዶ ሕክምና የወጡለት ሰው የፓቶሎጂ ውጤቱን ሲቀበል «ኔጌቲቭ» ወይም «ፖዚቲቭ» የሚለውን ብቻ አንብቦ አያጥፈው። ስንት ኖድ እንደተመረመረ ይይ፤ ከ3 ኖድ ዜሮ መገኘትና ከ18 ኖድ ዜሮ መገኘት እኩል አያስተማምኑም። ካንሰር የተገኘባቸው ስንት እንደሆኑ፣ ከየትኛው ጎን እንደወጡ፣ ትልቁ ክምችት ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ፣ የኖዱን ሽፋን ጥሶ ወደ ስቡ መውጣት አለመውጣቱ ይጻፋል። ከእነዚህ አንዱ ከወረቀቱ ላይ ከጎደለ፣ የሰም ብሎኩ በፓቶሎጂ ክፍሉ ይቀመጣልና እንደገና ተቆርጦ እንዲታይ ሐኪሙን መጠየቅ ይቻላል።